አፍ ያስከፍት የነበረው ደጀኔ

«ዶክተር ደጀኔ አረፉ፤ ቀብሩ ነገ የካ ሚካኤል ነው» ብላ የደወለችልኝ የወንድሙ ልጅ ናት። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ሄድኩ። ከፍትሐቱ በኋላ ጥቁር ሱፍ የለበሰ አንድ ጎልማሳ ማይክሮፎኑን እፍ እፍ ብሎ የደጀኔን የሕይወት ታሪክ አነበበ። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ቡልጋሪያ ሄደው በጥርስ ሕክምና በዶክተርነት ተመረቁ፤ አገራቸውን በቅንነት አገለገሉ፤ የልጆች አባት ነበሩ። ውሸት የለበትም። እኔ ግን ጆሮዬን አቁሜ አንድ ነገር ስጠብቅ፣ ሳይመጣ ንባቡ አለቀ። ደጀኔ ከሰው ጆሮ እንቁላል ያወጣ እንደነበር የተናገረ ሰው የለም።

አጠገቤ የቆመችውን የድሮዋን የካርድ ክፍል ሠራተኛችንን በክርኔ ነካ አደረግኋትና፣ «እንቁላሉስ?» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ! አስከሬን ፊት ነን እኮ» ብላ ተቆጣችኝ። ወዲያው ግን በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁትም።

ስለዚህ እኔው ልናገር። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ በመጨረሻም ዶክተር ሆኗል፤ አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ዓመታት አብረን ስንሠራ አንተ ስለው ኖሬ፣ ዛሬ ሞተ ብዬ አንቱ ብለው ይስቅብኛል።

ከረዳት ነርስነት ትምህርት ወጥቼ መጀመሪያ የተመደብኩት የካ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ሰው ሁሉ ጓድ በሆነበት ዘመን ነው። ኃላፊያችን ጓድ ንጉሤ ይባላል፤ በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ስም ይዞ መገኘት እንዴት እንዳሳቀቀው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። የምደባ ወረቀቴን አይቶ፣ «ጥርስ ክፍል ትገቢያለሽ» ሲለኝ ካርድ ክፍል የነበረችው ልጅ ፍርፍር ብላ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል?» ብላት፣

«ሂጂና ታዪዋለሽ» አለችኝ።

ጥርስ ክፍል ማለት በእግር እየተረገጠ ከፍ ዝቅ የሚል አሮጌ ወንበር፣ ጉጠቶቹ የሚቀቀሉባት ቡታጋዝና ደጀኔ ማለት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ሰውነቱ ሁሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸት ሰው ነበር። ነጭ ጋወኑን ሁልጊዜ ከክርኑ በላይ ሰብስቦ ነው የሚሠራው። ለንጽሕና ብሎ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ስጠይቀው፣ «እጅጌውን የሰበሰበ ሰው አይጠረጠርም» አለኝ።

በዚያው ቀን አንዲት ሴት ልጇን እየጎተተች መጣች። ልጅቱ ጉንጯ አብጧል፤ አፏን ግን ግጥም አድርጋ ዘግታ አሻፈረኝ አለች። እኔ ትምህርት ቤት እንዳስተማሩኝ ጭንቅላቷን ልይዝ ስነሳ ደጀኔ በዓይኑ ከለከለኝ። ባዶ መዳፎቹን ለልጅቱ ገልብጦ አሳያት። ከዚያ ኮስተር ብሎ፣ «ጆሮሽን አልታጠብሽም እንዴ?» አለና ከጆሮዋ ሥር አንድ እንቁላል አወጣ። ልጅቱ አፏን ከፍታ ቀረች። እሱ እንቁላሉን በግራ እጁ ወደ ላይ ሲያደርግ፣ ዓይኗም እንቁላሉን ተከትሎ ወደ ላይ ሲሄድ፣ በቀኝ እጁ የማደንዘዣውን መርፌ ወግቶ ጨርሷል። ጥርሷ ተነቅሎ ስትወጣ እንቁላሉን በሁለት እጇ አቅፋ ነበር። ከጉጠቶቹ ጋር የተቀቀለ እንቁላል መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ልጅ አፉን የሚከፍተው በሁለት ነገር ነው፣ የሺ» አለኝ እጁን እየታጠበ። «ሲያለቅስ ከከፈተ ምላሱ ይወራጫል። ሲደነቅ ከከፈተ ምላሱ አርፎ ይቀመጣል። አንቺ የትኛውን ትመርጫለሽ?»

ደጀኔ አያት ከሚባለው ሰፈር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ያኔ አያት ጤፍና ሽንብራ የሚዘራበት መስክ ነው እንጂ ከተማ አይደለም። ከአባቱ ጋር ኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ ይናገራል፤ ሲናደድ በሁለቱም። ምትሃቱን የተማረው ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ከአንድ ሕንድ የሳይንስ አስተማሪ ነው። አስተማሪው ተማሪ እንዳይተኛበት በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ገመድ ቆርጦ ይቀጥል፣ መሐረብ ሰውሮ ያወጣ ነበር ይባላል። ሌሎቹ አጨብጭበው ሲወጡ ደጀኔ ቀርቶ፣ «ያስተምሩኝ» አለው። ከዚያ ወዲህ እጁ አርፎ አያውቅም። ደመወዝ ለመቀበል ተሰልፈን እንኳ ስሙኒዋ በጣቶቹ መካከል ትሮጥ ነበር።

ሠርግና ክርስትና ላይ ይጠሩታል። ይሠራል፣ ይጨበጨብለታል፣ በልቶ ጠጥቶ ይመለሳል። ይሁንና ያጨበጨበለት ሰው በማግስቱ መንገድ ላይ እጁን ለመጨበጥ ያመነታል። አማቱ ዳቦ ሲቆርስ ባዩት ቁጥር ያማትቡ ነበር። ነፍስ አባቱም አስጠርተው ገሠጹት። እሱም ኃጢአት አለመሆኑን ለማስረዳት የስሙኒዋን ምሥጢር እዚያው ቁጭ ብሎ አሳያቸው፤ «እስቲ አንዴ ድገመው» አሉት አሉ። ይህን ሲያወራ እንባው እስኪወርድ ይስቅ ነበር።

በአንድ ነገር ብቻ አይስቅም። ማዕረጉ ጤና ረዳት፣ ሥራው መንቀል ነው። መሙላት፣ ሥሩን ማከም፣ ጥርስን ከነሕይወቱ ማትረፍ የሚያውቅ ሰው በዚያ አካባቢ አልነበረም። ሊድን የሚችል ጥርስ ነቅሎ ባልዲው ውስጥ ሲጥል ፊቱን ያዞራል። «የየካን ሕዝብ ጥርስ እኔ ጨረስኩት» ይል ነበር። «ባዶ ድድ ባየሁ ቁጥር የእጅ ጽሑፌን ያየሁ ይመስለኛል። አንድ እንኳ ማዳን ተምሬ ብሞት ምን አለበት?» ወደ ሶሻሊስት አገሮች ለትምህርት የሚላኩ ሰዎች መመረጥ ሲጀምሩ አመለከተ፤ ፈተናውንም በደንብ አለፈ። የሚቀረው የመሥሪያ ቤቱ ድጋፍ ብቻ ነበር። ያን ሰሞን ቡታጋዟን ሲለኩስ ያፏጭ ነበር።

የዚህ ተስፋ መንገድ ግን በአንዲት አሮጊት በር ላይ የሚያልፍ ሆነ። እማማ ፈለቀች ይባላሉ። ከጉራራ በላይ፣ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ባሕር ዛፉ መካከል ነው ቤታቸው። የጥርስ ትል ያወጣሉ። ታማሚውን ነጠላ ያለብሱትና የእምቧይ ፍሬ በፍም ላይ አድርገው ጭሱን በመቃ ወደ አፉ ያስገባሉ፤ ታማሚው በጣሳ ውሃ ላይ ለሃጩን ያንጠባጥባል፤ ነጠላው ሲነሳ ውሃው ላይ ነጫጭ ነገሮች ይንሳፈፋሉ። ትሎቹ ናቸው። ቅጠል ለቃሚው፣ እንጨት ተሸካሚው፣ ከራጉኤል ንግሥ የሚመለሰው ሁሉ እሳቸው ጋ ይሄዳል። ሲብስበት ወደ እኛ ይወርዳል። አንዲት ቅጠል ለቃሚ ወጣት እኛ ጋ ስትደርስ እብጠቱ አንገቷ ወርዶ ነበርና ወደ ትልቁ ሆስፒታል ስናጣድፋት መንገድ ላይ ሞተች። ደጀኔ ያን ዕለት ምሳ አልበላም።

በማግስቱ፣ «ነይ አብረን እንሂድ፤ ሴትዮዋን ልያት» አለኝ። ሊጣላቸው መስሎኝ ነበር። አልተጣላቸውም። በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ እኔ ግማሹን ብሰማ ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አንድ ሰው ሲታከም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየ፤ ዓይኑን ሳያርገበግብ ነው ያየው። ስንወርድ መንገዱ ሲጋመስ ነው የተናገረው።

«ትሎቹ የእምቧዩ ፍሬ ሆድ ናቸው። ሲሞቅ ይፈነዳና ነጩ ነገር ይረግፋል።»

«ታዲያ አታላይ ናቸው በለኛ!»

«አይደሉም። እሳቸው አያውቁም። ከልባቸው ያምናሉ። አታላዩስ እኔ ነኝ፤ ለዚህ ነው በአንዴ የገባኝ።»

ከዚያ በኋላ ነው ያ ሐሳብ የመጣለት። ቀበሌው እሑድ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ለሕዝቡ የጤና ትምህርት ያሰጥ ነበር፤ ከትምህርቱ ፊት የኪነት ቡድኑ ከበሮ እየመታ ሰዉን ይሰበስባል። ደጀኔ ጓድ ንጉሤን አስፈቀደ። የጥርስ ትል የሚባል ነገር አለመኖሩን በዓይናቸው አሳያቸዋለሁ አለው። ከዚያ እንደገና ሽቅብ ወጥቶ እማማ ፈለቀችን ራሱ ጋበዛቸው። «ከኋላቸው ሆኜ አላጋልጣቸውም፤ ፊት ለፊት ይዩኝ» አለ። መጡም፤ ከፊት ተቀመጡ።

ጣሳውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ደጀኔ እጅጌውን ሰብስቦ መድረክ ላይ ወጣ። መጀመሪያ አንድ ሸማኔ ከሕዝቡ መካከል ጠርቶ ልክ እንደ እማማ ፈለቀች አጠነው። ነጠላው ሲነሳ ትሎቹ ውሃው ላይ ነበሩ። ጣሳውን ይዤ በመደዳው ሳዞር ሰው ሁሉ እየተነሳ፣ «ውይ! ውይ!» ይላል። ደጀኔ እጁን አነሳና፣ «አሁን ደግሞ ይህን እዩ» አለ። ባዶ ወንበር ጎትቶ አመጣ። ወንበሩን ነጠላ አለበሰው። አጠነው። ጣሳውን ከሥሩ አደረገ። ነጠላውን ገፈፈው፤ ውሃው ላይ ከሸማኔው የበለጠ ትል ተንሳፈፈ።

«ጓዶች! ወንበር ጥርስ አለው?» አለ በሙሉ ድምፁ።

ነገሩ ያለቀለት መስሎት ነበር። እኔም መስሎኝ ነበር። አዳራሹ ግን በእልልታ ተናጋ። ፍሬውን በምላጭ ሰንጥቆ ሊያስረዳ ቢሞክር የሚሰማው ጠፋ። ከኋላ አንዱ፣ «ከወንበር ያወጣ ከሰው ማውጣት ሊያቅተው ነው?» ሲል ሰማሁ። ወንበር ላይ ተቀምጠው የነበሩት ከወንበራቸው ሸሽተው ቆሙ። እማማ ፈለቀች ወደ መድረኩ መጥተው የደጀኔን ትከሻ ሳሙት።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስሠራ ከእንጨት አውጥቼ አላውቅም። እጅህን ይባርከው» አሉት።

ደጀኔ ምላጩን እንደያዘ ቀረ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ሰኞ ጠዋት ስንመጣ ሰልፉ ከጤና ጣቢያው በር እስከ አስፋልቱ ደርሷል። ከጉራራ፣ ከፈረንሳይ ሰፈር፣ ከሚካኤል ሥር፣ ከአያት ድረስ ሰው መጥቷል። መንግሥት ትል ማውጣት ጀመረ ተብሎ ተወርቷል። አንዲት እናት በርጩማ ተሸክማ ነው የመጣችው፤ «ከእኔ ሲጨርስ ይህችንም ይይልኝ፤ የተቀመጠባት ሁሉ ጥርሱን ይታመማል» አለችኝ። እኔ ስቄ ልሞት ነበር፤ ደጀኔ አልሳቀም። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ፣ «ትል የለም፤ የምነግራችሁን ስሙኝ፣ ትል የለም» ይላል። ሰዎቹም እየተጠቃቀሱ፣ «ለዘመድ ብቻ ነው የሚሠራው» ይላሉ። መርፌና ጉጠት ሲያሳያቸው ግማሾቹ ተቆጥተው ወደ እማማ ፈለቀች ሽቅብ ወጡ። የእሳቸው ደጅ ከዚያ ቀን ወዲህ የበለጠ ሞላ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ በላይ ላሉት ደረሰ። በሳምንቱ የውይይት ቀን ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ የደጀኔ ጉዳይ ቀረበ። ያን ዘመን ያላየ ሰው ሒስና ግለሒስ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ሌሎች ጥፋትህን ይነግሩሃል፣ ቀጥሎ አንተ ራስህን ትከሳለህ፣ ከዚያ ይጨበጨባል። አንዱ ተነስቶ ሰፊውን ሕዝብ ወደ ኋላቀር እምነት መልሷል አለ። ሌላው የነጭ ጋወንን ክብር አዋርዷል አለ። እንቁላል በማን ቡታጋዝ እንደሚቀቀል የጠየቀም ነበር።

ጓድ ንጉሤ ክፉ ሰው አልነበረም። ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ደጀኔን ወደ እኛ ክፍል መጥቶ ሲለምነው ሰምቻለሁ።

«ስማኝ ደጀኔ፤ የትምህርቱ ጉዳይ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዛሬ አንድ መጥፎ ቃል ከተጻፈብህ ቀረ በለው። ሁለተኛ አልሠራም በልና እንለፈው።»

«ሕፃናቱን ነው እኮ አፍ የማስከፍታቸው።»

«ሐኪም ነህ ወይስ አስማተኛ?»

«ሐኪም አይደለሁም፤ ጤና ረዳት ነኝ። ሐኪም መሆን ነው የምፈልገው።»

«እንግዲያው ምረጥ» አለውና ወጣ።

ደጀኔ መረጠ። ስብሰባው ላይ ቆሞ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ተናገረ። ጥፋቱን ተረድቷል፤ ከዛሬ ጀምሮ ያን ነገር በሕዝብ ፊትም ሆነ በግሉ፣ ለአዋቂም ሆነ ለሕፃን አይሠራም። ለዚህም አጨበጨቡለት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሁላችንም ትምህርቱ እንዳያመልጠው ፈልገናል። ቃሉን ግን እንዲህ ይጠብቀዋል ብዬ አልጠበቅሁም። በማግስቱ አንድ ልጅ መጥቶ አፌን አልከፍትም ሲል ደጀኔን አየሁት። እጁን ጋወኑ ኪስ ውስጥ ከተተ። «ያዢው» አለኝ። ያዝኩት። ልጁ ጩኸቱ ካርድ ክፍል ድረስ ተሰማ።

ክረምት ሳይገባ ቡልጋሪያ ሄደ። ሲመለስ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ቀርቶት ነበር። በምኞቱም ይሁን በአጋጣሚ እዚያው እኛ ጤና ጣቢያ ተመደበ። ኤሌክትሪክ ወንበር፣ መሰርሰሪያ፣ መሙያ መጣ። ድሮ ቢሆን ባልዲ የሚገባ የተቦረቦረ ጥርስ ሲያድን ያየሁ ለት እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ባልዲያችን እየጎደለ ሄደ። የሚመኘውን አግኝቷል፤ ማንም ሊክደው አይችልም።

ልጆች ግን ይጮኹበት ነበር። ወንበሩ ያስፈራቸዋል፣ መሰርሰሪያው ያስፈራቸዋል፣ እሱም ያስፈራቸዋል። እጅጌው እስከ አንጓው ተቆልፏል። ማንም የማይሰማን ጊዜ ጠብቄ፣ «ያቺን ነገር አታደርጋትም እንዴ? ጓድ ንጉሤ ከተዛወረ ቆየ እኮ» ብለው፣ «ተይኝ የሺ፣ ሰው ዶክተር ብሎ ነው የሚመጣው» ይለኛል። አንዳንዴ ሻይ ይዞ በመስኮት ሲያይ ጣቶቹ ባዶውን ሲንቀሳቀሱ አይ ነበር። እንዳየሁት ሲያውቅ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዛል።

አንድ ቀን ካርድ ጠሪዋ «ፈለቀች» ብላ ተጣራች። እማማ ፈለቀች በከዘራ ተደግፈው ገቡ። አርጅተዋል፤ የቀኝ ጉንጫቸው አብጦ ዓይናቸውን ሊደፍነው ደርሷል። ደጀኔን ሲያዩት በሌላኛው ጉንጫቸው ሳቁ።

«ከወንበር ያወጣኸው ልጅ! ተመለሰ ሲሉኝ መጣሁ። እንግዲህ ለእኔም አውጣልኝ።»

እጃቸውን ይዞ ራሱ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው። መግሉ ዛሬውኑ መውጣት እንዳለበት፣ ከዚያ ጥርሱን ሊያድንላቸው እንደሚችል በኦሮምኛም በአማርኛም አስረዳቸው። መርፌውን ሲያነሳ አፋቸውን ገጠሙ።

«መጀመሪያ ትሉን አሳየኝ።»

«እማማ፣ ትል የለም።»

«አንተው አውጥተህ አሳይተኸኛል። በዓይኔ ነው ያየሁት። ትሉ ሳይወጣ መርፌ ቢገባ ይናደድና ወደ አንጎል ይወጣል፤ ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ።»

ወደ ጥግ ወሰድኩት። «እባክህ ደጀኔ፤ ከጥጡ ቆንጠር አድርግና ትል አስመስለህ አሳያቸው። አፋቸውን ይክፈቱ እንጂ!»

ጥጡን አየው። እጁ ወደ ጥጡ ሲሄድም አይቻለሁ። መለሰው።

«አንዴ አሳይቼ ስንቱን ሰው እሳቸው ደጅ አሰለፍኩ። አሁን ደግሞ ዶክተሩ ራሱ ትል አወጣላቸው ሊባል ነው? እሳቸው ድነው ቢሄዱ ነገ የሚያጥኑትን ሰው ማን ያድነዋል?»

ልክ ነበር። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ እስከ ዛሬ ተሳስተሃል የምልበት ቦታ አላገኘሁም። እማማ ፈለቀች ከወንበሩ ወርደው ከዘራቸውን ፈለጉ። ደጀኔ እስከ በሩ ተከትሎ ለመናቸው። ነገ እንዲመለሱ፣ ልጃቸውን ይዘው እንዲመጡ፣ መኪና እንደሚልክላቸው ነገራቸው። «እሺ፣ እሺ» እያሉ ሄዱ። አልተመለሱም። ሳምንት ሳይሞላ እንጨት ተሸካሚዎች መርዶውን ይዘው ወረዱ። እብጠቱ አንገታቸው ገብቶ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ክፍሉን ስንዘጋ ደጀኔን ወንበሩ ላይ፣ ታማሚ የሚቀመጥበት ላይ፣ ተቀምጦ አገኘሁት። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ» አለኝ። «ጥርስ ማዳን ተምሬ መጣሁ። ሰው አፉን ካልከፈተልኝ ምን አድነዋለሁ? እዚያ ስብሰባ ላይ የተውኩት ጨዋታ መስሎኝ ነበር የሺ። ግማሹ ሥራዬ ነበር።» ትከሻውን ይዤው ቆምኩ።

ለለቅሶ አብረን ወጣን። ዳስ ተጥሏል፤ አገሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። ደጀኔ ከሰው ኋላ ሊቀመጥ ሲል ልጃቸው አየችውና መጣች። ጎልማሳ ሴት ናት፤ ከእናቷ ጋር ስታጥን የኖረች። ቁጣ የለባትም፤ ግራ የገባት ሰው ፊት ነው ያላት።

«እኔ አጥኛት ነበር፣ ዶክተር» አለችው። «ትሉ በጣሳው ሙሉ ወጣ። ሕመሟ ግን አልለቅ አላት። ‹የአንቺ እጅ ገና ነው፤ የእሱ እጅ ከሁላችን ይበልጣል› ብላ ነው በእግሯ የወረደችው። ሌላ ሰው አላመነችም፤ እርስዎን ነበር ያመነችው። ምን አስቀየመችዎት? ለምን አላወጡላትም?»

ደጀኔ ትል የለም ሊላት አፉን ሲከፍት አየሁት፤ በዚያ ዳስ ውስጥ፣ በዚያች ሴት ፊት፣ ቃሉ አልወጣም።

«ዶክተር ሆኜ ነው» አላት።

አቀርቅሮ ሲናገር ድምፁ እንደ ታማሚ ነበር። እሷም በሽታውን የነገራት መሰላት መሰለኝ፤ ሐዘኗን ረስታ ጉልበቱን በእጇ ያዝ አደረገችውና፣

«እግዜር ይማርዎት» አለችው።